በአንድ ቀን የማይነሱ ሁለት ትራክተሮች

እኛ አገር መጥፎ ወሬ ብቻውን አይመጣም፤ ተደግፎ ነው የሚመጣው። ሰው ከሞተ ሁለት ቀን ካለፈው በኋላ እንኳ መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። ቀጥሎ «ሆስፒታል አስገብተውታል፣ ግን ይሻለዋል» ይባላል። ከዚያ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ በማለዳ በር ያንኳኳና፣ ባለ መርዶው ገና መቀርቀሪያውን ሳይስብ ነገሩ ሁሉ ይገባዋል። ይህን ልማድ አልነቅፍም። አባቶቻችን ድንጋጤ ሰው እንደሚገድል ስለሚያውቁ በየተራ፣ በትንሽ በትንሹ እንድንጎርሰው አደረጉ። የኔ ነገር ግን ሌላ ነው። እኔን ድንጋጤው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ያለ ምንም መንደርደሪያ፣ ሙሉውን ነው ያጎረሰኝ።

በየቤቱ «እሱ እንዳይሰማ» የሚባል አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ቤት አለ፤ አስቡት እስኪ። እሱ ሲገባ ወሬ ይቀየራል፣ ስልክ ከተደወለ ወደ ጓዳ ይገባል፣ ልጅ ፈተና ከወደቀ «ውጤቱ ገና አልመጣም» ይባላል። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ጨርሶ የለም ካላችሁ ደግሞ ትንሽ ጠርጥሩ።

በእኛ ቤት እንዳይሰሙ የሚባሉት አማቴ ጋሽ አድማሱ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን ተሻግሯል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን የሁለት ቤት ወሬ ያዳምጣል። ከአምስት ዓመት በፊት ሐኪሙ ልባቸውን አዳመጠና ባለቤቴን ሂሩትን ወደ ጥግ ጠርቶ «መደንገጥ የለባቸውም» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ አድማሱ የሰሙት ወሬ ሁሉ ደግ ነው። በእኛ ቤት ሪፖርት መሠረት አገር ሰላም ነው፣ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ዘመድ ሁሉ በጤና አለ። አንዳንዴ ከቢሮ ስመለስ እሳቸው አጠገብ ተቀምጬ የዚያችን አገር ወሬ እኔም እሰማለሁ፤ ደስ ትላለች።

ጋሽ አድማሱ ከሰሜን መጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ በመንግሥት እርሻ ውስጥ ትራክተር ሲያስጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ እርሻው ያረጁ ትራክተሮቹን በጨረታ ሲሸጥ ሁለቱን ገዙ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። አዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ያለው ግቢያችን ውስጥ ጎን ለጎን አቆሟቸውና ለከተማው ዙሪያ ገበሬዎች እያረሱ ያድራሉ። በሰፈራችን ቤታችንን የሚፈልግ ሰው ቁጥር አይጠይቅም፤ «ባለ ሁለት ትራክተሩ ቤት» ካለ ባጃጁ በሩ ላይ ያወርደዋል።

ሁለት ልጆች አሏቸው። ሂሩት ከእኔ ጋር እዚሁ አለች፤ ታናሽ ወንድሟ ዮናስ ዲላ ነው የሚኖረው። ሽማግሌው ገና ትራክተሮቹን የገዙ ዕለት «ቀዩ የሂሩት፣ ሰማያዊው የዮናስ» ብለው ተናገሩ። ይህ እንደ ቀልድ የተነገረ ነገር በኋላ ሕግ ሆነ። ሕግ የሆነበት ምክንያት አለው። እናታቸው ስታርፍ ሂሩትና ዮናስ በአንዲት የልብስ ሣጥን የተነሳ ሁለት ዓመት ተኳርፈው ነበር። ሁለት ዓመት! በፋሲካ እንኳ አንዱ በፊት በር ሲገባ አንዱ በጓሮ ይወጣ ነበር። የሽማግሌው ልብ የተጎዳው በናፍታ ጭስ አይደለም፤ በዚያች ሣጥን ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የመንገዱ ነገር የመጣው። ፊት ለፊታችን ያለው መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ አጥራችን አምስት ሜትር ወደ ውስጥ እንዲገባ ተነገረን። በሜትር ለካሁት፣ በእርምጃ ለካሁት፣ ሂሩት በገመድ ለካችው። ከሚቀረው ግቢ ውስጥ ቤቱና አንድ ትራክተር ይገባሉ፤ ሁለተኛው ከነጭራሹ አይገባም። መንገድ ላይ ማሳደርም ክልክል ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ አንዱን ማስቀረት፣ አንዱን መሸጥ ግድ ሆነ። የቱ ይሂድ? የሂሩት ከሄደ ሂሩት፣ የዮናስ ከሄደ ዮናስ። እነዚህ ልጆች ዳግመኛ ከተኳረፉ አባታቸው ሁለተኛውን ኩርፊያ እንደማይሻገሩት ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰንን፦ አንደኛ፣ ምርጫው ማንም የማይከራከረው እንዲሆን፤ ሁለተኛ፣ እሳቸው እንዳይሰሙ።

ለመጀመሪያው እኔ ነበርኩ። ስሜ ታደለ ይባላል፤ ፒያሳ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ግምገማ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሰው መገምገም ነው። የሰው ጥንካሬና ድክመት በሠንጠረዥ አስቀምጬ፣ ደምሬ፣ በመቶኛ አወጣለሁ። ሰውን ያህል ፍጡር በሠንጠረዥ ከገባ ትራክተር ምን ይከብዳል? የቢሮውን ቅጽ አመጣሁና «ሠራተኛ» የሚለውን እየሰረዝኩ «ትራክተር» ብዬ ጻፍኩ። አብዛኛው መስፈርት ልክ ገጠመ። «ለሥራ ያለው ፍላጎት» የሚለውን ተውኩት። «የመንግሥትን ንብረት በቁጠባ የመጠቀም ልምድ» የሚለውን ናፍታ ነው ብዬ ተረጎምኩት። «ከባልደረቦቹ ጋር ተግባብቶ መሥራት» የሚለው ላይ ጥቂት አሰብኩና ለሁለቱም ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ፤ ጎን ለጎን ሲኖሩ ተጋጭተው አያውቁም።

ለዮናስ ስልክ ደወልኩለት።

«ግምገማ ይደረጋል። በሳይንሳዊ መንገድ» አልኩት።

«ገምጋሚው ማነው?»

«እኔ።»

«የሂሩት ባል አይደለህም እንዴ አንተ?»

«ሥራ ላይ ስሆን የማንም ባል አይደለሁም» አልኩት። እውነቴን ነበር የመሰለኝ።

አሁን ዱካለን ላስተዋውቃችሁ። ዱካለ እኩያዬ ነው፤ የሲዳማ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ፣ ከሚናገረው የሚተወው የሚበልጥ። ድሮ ሁለት ሹፌሮች ነበሩን፤ አንዱ ከስድስት ዓመት በፊት ባጃጅ ገዝቶ ሲሄድ ዱካለ ብቻውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሳምንት ቀዩን፣ አንድ ሳምንት ሰማያዊውን እያወጣ ያርሳል። ቅዳሜ ከሰዓት በመጣ ቁጥር ደግሞ ሁለቱ ትራክተሮች መሐል ቁጭ ብሎ መፍቻውን ዘርግቶ ይሠራል። «ምን እየሠራህ ነው?» ስትሉት «ሰርቪስ ነው» ይላል። በየሳምንቱ ሳያዛንፍ ሰርቪስ የሚያደርግ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቢሮዬ ውስጥ እንደ ምሳሌ እጠቅሰው ነበር። በዚያ ላይ ማለዳ ሲመጣ ለጋሽ አድማሱ አንድ እንቁላል ይዞ ይመጣል፤ ሂሩት ትቀቅልላቸውና በረንዳ ላይ ይበሉታል። ደግ ሰው ነው፣ ከቤቱ እያመጣ ነው እንል ነበር።

«ዱካለ፣ ሁለቱንም ማክሰኞ አስነሳልኝ፤ ልገመግማቸው ነው» አልኩት።

«ሁለቱን በአንድ ቀን?»

«አዎ።»

«አይሆንም ወንድም ታደለ። ማክሰኞ ቀዩ፣ ሐሙስ ሰማያዊው። መሐል አንድ ቀን ስጠኝ።»

ይህን የሙያ ሰው ጥንቃቄ ብዬ ወሰድኩት። የገምጋሚ ዓይን ይሏችኋል ይህ ነው!

ጋሽ አድማሱ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው «ማነው ግቢ ውስጥ የሚንጎዳጎደው?» ሲሉ፣ ሂሩት «ምንም አይደለም አባባ፣ ሰርቪስ ነው» አለቻቸው። «አሃ። ሰርቪስ» አሉ።

ማክሰኞ ቀዩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ጭሱን አየሁ፣ ዘይቱን አየሁ፣ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩ፤ የሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ስለ ባትሪው «አዲስ፣ ጥሩ፣ አንድ ጥጉ የተሰነጠቀ» ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ ሰማያዊውም ተነሳ። ስለ ባትሪው «አዲስ፣ ጥሩ፣ አንድ ጥጉ የተሰነጠቀ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ተመሳሳይነቱን ልብ አልኩት፤ አላልኩም አልልም። እንዲያውም ከሥሩ «በጥገና ረገድ ወጥ የሆነ አሠራር መኖሩ በጥንካሬ ተወስዷል» የሚል አስተያየት ጨመርኩ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ፤ ሰው ሳያየኝ ነው የማነበው።

ውጤት፦ ቀዩ ዘጠና አንድ፣ ሰማያዊው ሰባ አራት። የሂሩት ትራክተር አሸነፈ። እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ቁጥሩ ነው የተናገረው።

ማታውኑ ለዮናስ ውጤቱን ነገርኩት። «እንደጠበቅኩት ነው» አለና ስልኩን ዘጋው። ሂሩት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሣጥኗ ትዝ አለቻት መሰለኝ። እኔ ግን ቁጥር ቁጥር ነው ብዬ ተኛሁ።

የቀረው ሁለተኛው ጉዳይ፣ ጋሽ አድማሱ እንዳይሰሙ ማድረግ ነው። ለዚህም ዘዴ አበጀሁ፤ በዘዴዬም ኮርቼ ነበር። አርብ ዕለት ዱካለን ወደ ጎን ወሰድኩትና በሹክሹክታ አጫወትኩት። «ዓይናቸው ከዚህ በረንዳ እስከዚያ ድረስ አያይም። አንዱ ትራክተር ቢሄድም የቀረውን አንድ ሳምንት ቀዩ ነው፣ አንድ ሳምንት ሰማያዊው ነው እያልን እናወጣዋለን። አንዱን ትራክተር ሁለት እናስመስለዋለን። ይቻላል?»

ዱካለ አየኝ። ከዚያ ሳል ያዘው፤ ጎንበስ ብሎ ሳለ፣ ጉልበቱን ይዞ ሳለ። «ይቻላል» አለ በመጨረሻ ዓይኑን እየጠረገ።

«እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?»

«ይቻላል ስልህ።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠና «ግን አፊኒ ተብሏል? ጋሽ አድማሱ ሰምተዋል?» አለኝ።

አፊኒ በሲዳማ ዘንድ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። አንድ ነገር ከመቆረጡ በፊት የሚመለከታቸው ሁሉ ቁጭ ብለው ይሰማሉ፣ ሁሉም በተራው ያለውን ይናገራል፤ አንድ ሰው እንኳ ሳይሰማ የተቆረጠ ነገር እንደተቆረጠ አይቆጠርም። ይህን አዋሳ ውስጥ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። በአንድ ስብሰባ ላይ ስለዚሁ ልማድ የስላይድ ገለጻ ያቀረብኩ ሰው ነኝ።

«እሳቸው እንዳይሰሙ ነውኮ ይህ ሁሉ መከራ!» አልኩት።

«እሳቸው ሳይሰሙ እኔ የምለው የለኝም» አለና መፍቻውን ሰብስቦ ሄደ። የሚለው ነገር እንደነበረው እንኳ ልብ አላልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ገዢው መጣ። አቶ ሌዳሞ ይባላል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ከወንድሞቹ ጋር በቆሎ የሚዘራ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይቀድመው ማረስ የሚፈልግ የተረጋጋ ሰው ነው። ሂሩት አባቷን ቤተ ክርስቲያን ልትወስድ አስባ ነበር። እሳቸው ግን «ዛሬ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል» ብለው በረንዳቸው ላይ ተቀመጡ። ምን ይደረጋል? «ሰርቪስ ነው አባባ» ተባሉ እንደገና።

ዱካለ ሰማያዊው ላይ ወጣና አስነሳው። ግቢው በድምፁ ተሞላ። አቶ ሌዳሞ ፈገግ አለ። የግቢው በር ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ሁሉ ነገር በሰላም ያልቅ ነበር፤ ማለቴ ሁሉ ነገር በሰላም ይበላሽ ነበር። ግን ገምጋሚ ሰው ውጤቱ በአደባባይ እንዲታይለት ይወዳል። ለሰማያዊው ሰባ አራት የሰጠሁት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ሂሩትም፣ ገዢውም፣ ከአጥር ውጭ የቆመው ጎረቤትም እንዲያይ ፈለግኩ።

«ዱካለ! ቀዩንም አስነሳውማ። ጎን ለጎን እንያቸው» አልኩ።

ዱካለ ከላይ ሆኖ ተመለከተኝ። «ቀዩን?»

«አዎ፣ ቀዩን።»

«ሰማያዊው ተነስቶ እያለ?»

«ሁለቱንም ነው የምልህ!»

ሞተሩን አጠፋው። ወረደ። ወደ ቀዩ ሄደ፤ እኔ ቁልፍ ሊያስገባ ነው ብዬ ስጠብቅ ኮፈኑን ይዞ ብድግ አደረገው።

ክው አልኩ።

ባትሪ የለም። ማክሰኞ «አዲስ፣ ጥሩ» ያልኩት ባትሪ በነበረበት ቦታ ላይ ገለባ ተነጥፎ፣ ገለባው ላይ አንዲት ገብስማ ዶሮ ተቀምጣለች። ወደ ጎን ተመለከትኩ፤ ናፍታ የሚረጨው ፖምፓ የለም፣ ቦታው በጨርቅ ተወትፏል። ጎንበስ አልኩ፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የለም። በቀዳዳው በኩል መሬቱ ይታያል። የግቢያችን መሬት! ዘጠና አንድ በሰጠሁት ትራክተር ውስጥ አልፎ ሣር አየሁ። ዶሮዋ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ተመለከተችኝ፤ እኔ ነበርኩ ያፈርኩት፣ እሷ አልነበረችም።

«ተሰረቅን!» ብዬ ጮህኩ። ጮህኩ ስላችሁ በእውነት ነው የጮህኩት፤ የጎማውን ጠርዝ ያዝኩ።

«ማንም አልሰረቀም» አለ ዱካለ በዝግታ። «ሰማያዊው ላይ ነው ያለው። አንድ ባትሪ፣ አንድ ሞተሪኖ፣ አንድ ፖምፓ ነው ያለን። ስድስት ዓመት ሆነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አዛውራለሁ።»

ስድስት ዓመት። ሦስት መቶ ቅዳሜ በዓይኔ ላይ አለፈ። ባለ ሁለት ትራክተሩ ቤት! ከሁለት አንዱን ልመርጥ ቅጽ አዘጋጅቼ፣ ወንድምና እህት አጣልቼ፣ ለካ ያለን አንድ ትራክተር ነው፤ ያውም ሁለት ቀሚስ የሚቀያይር። እና ልንሸጥ የነበረው እሱን ነው። ባዶውን አስቀርተን ሙሉውን በገዛ እጃችን በር ከፍተን ልናስወጣ!

«ስድስት ዓመት ዋሸኸን?» አልኩት። «አንተ? የሃላሌ ሰው ነኝ የምትለው?» ሃላሌ በእነሱ ዘንድ እውነት ነው፤ ዱካለ በዚህ ቃል አይቀልድም።

«አልዋሸሁም» አለ ፊቱ ሳይለወጥ። «ምን እየሠራህ ነው ብለህ ስትጠይቀኝ ሰርቪስ ነው አልኩ፤ ሰርቪስ ነበር። ሁለቱ በአንድ ቀን ይነሳሉ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንተ ማክሰኞ ሁለቱንም አስነሳ ስትለኝ አይሆንም አልኩህ።»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አይባልም። በዚህ ጊዜ ነው ሂሩት «አባባ!» ብላ የጮኸችው፤ ሁላችንም እሳቸውን ረስተናቸው ነበር። ይህን ሁሉ ጉድ ሰምተዋል። ልባቸው! ሂሩት ውሃ ይዛ ወደ በረንዳው ሮጠች፣ እኔ ተከትያት ሮጥኩ፣ አቶ ሌዳሞም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ባርኔጣውን አውልቆ ተከተለን።

ጋሽ አድማሱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። አንገታቸውን ወደ ዱካለ አዘነበሉ።

«ዱካለ» አሉ፣ «ዶሮዋ ዛሬ ጣለች?»

«ጥላለች ጋሼ።»

«ቀዩ ውስጥ?»

«ቀዩ ውስጥ።»

«እንግዲያው ለሂሩት ስጣትና ትቀቅልልኝ» አሉ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ በእኛ ቤት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ኖሯል። ስድስት ዓመት የበሉት እንቁላል ከዱካለ ቤት አልነበረም የሚመጣው፤ በዚያ ሳምንት ባዶ ከሆነው ትራክተር ነበር። ዶሮዋ እንኳ የትኛው ባዶ እንደሆነ ታውቅ ነበር። ግምገማ ያካሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት።

ሂሩት ብርጭቆውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ ታውቅ ነበር?»

«እኔ አይደለሁ እንዴ አዛውር ያልኩት?» አሉ። «መጀመሪያ የሞተው የቀዩ ፖምፓ ነው። ያንቺው። ብናገር የሂሩት ሞቶ የዮናስ ቀረ ሊባል ነው። በሣጥን ሁለት ዓመት የተኳረፋችሁ ልጆች፣ በትራክተር ስንት ዓመት ልትኳረፉ ነው? ዱካለን አስማልኩት። እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።»

እኛ እንዳንደነግጥ! አምስት ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ የኖርነው፣ ስልክ ይዘን ጓዳ የገባነው፣ ዘመድ ሁሉ በጤና አለ ያልነው እሳቸው እንዳይደነግጡ ነበር። እሳቸው ደግሞ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እኛን ሲያስታምሙ ኖረዋል።

«መንገዱስ? መንገዱን ማን ነገርዎት አባባ?» አልኩ።

«መሐንዲሱ አጥሩ ላይ ችካል ሲመታ የማልሰማ መሰለህ?»

«እሺ፣ አንድ ቀን ደግሞ፣ ከሩቅ ያድርገውና...» አለች ሂሩት፣ ሳትጨርሰው።

«ብሞት ማለትሽ ነው። ትካፈላላችሁ። ስትካፈሉ ታገኙታላችሁ። ያኔ ብትደነግጡ እኔ አልሰማም።»

ሳቁን በመጨረሻ የጀመረችው ሂሩት ናት፤ እያለቀሰች ነበር የሳቀችው። እኔ አልሳቅኩም። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር እየደለቀ ነበር።

ከዚያ ጋሽ አድማሱ «አሁን አፊኒ ይባል» አሉ። አርባ ዓመት ከሲዳማ ጋር ኖረዋል፤ ስላይድ አላቀረቡም፣ ተምረውታል። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ዮናስም በስልክ ተደወለለትና ስልኩ መሐላችን ተቀመጠ፤ ነገሩ ሁሉ ከነዶሮዋ ተነገረው። ሂሩት ተናገረች፣ እኔ ተናገርኩ፤ የእኔ አጭር ነበረች። አቶ ሌዳሞ እንኳ ተጠየቀ። በመጨረሻ ሽማግሌው «ዱካለ፣ አንተስ የቱን ትላለህ?» አሉት።

ያኔ ነው ሁለተኛ የደነገጥኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ትራክተር ስገመግም፣ ትራክተሮቹን የሚነዳውን ሰው «አንተ የቱን ትላለህ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ዱካለ መልሱን ስድስት ዓመት ይዞት ኖሯል። «ሞተር የሰማያዊው ይሻላል። ካምቢዮና የኋላ ጎማ የቀዩ ይሻላል። ሦስት ሳምንት ስጡኝ፤ ከሁለቱ አንድ ሙሉ አወጣለሁ።» አቶ ሌዳሞም ቤቱ ሞተሩ ደህና፣ ሌላው የተጎሳቆለ አንድ ትራክተር እንዳለው ገለጸና «የተረፈው ለኔ ይበቃኛል» ብሎ ባርኔጣውን ደፋ። እሱንም ስለ ቤቱ ትራክተር የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው መሰለኝ እስከዚያ ድረስ ያልተናገረው።

«የማን ይሁን ታዲያ አባባ?» አለ ዮናስ በስልኩ ውስጥ፣ እየፈራ።

ሽማግሌው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ጠዋት ሲወጣ የሂሩት ነው። ማታ ሲገባ ያንተ።»

«በመሐል ሲያርስስ?» አለች ሂሩት።

«የዱካለ።»

እንዲህ ሆነ። አጥራችን አምስት ሜትር ገባ፤ ግቢው ውስጥ ሰማያዊ ገላ፣ ቀይ ኮፈን ያለው አንድ ትራክተር ቀረ። ዮናስ ከዲላ መጥቶ አየውና ሳቀ፣ ከእህቱ ጋር አንድ ትሪ ላይ በሉ። ሰፈርተኛው አሁንም «ባለ ሁለት ትራክተሩ ቤት» ነው የሚለን፤ አላረምንም። ገብስማዋ ዶሮ ብቻ ናት ተጎጂ። ባትሪው ቦታውን ስለያዘባት ወደ ጎረቤት ሸሸች፤ የጋሽ አድማሱም የጠዋት እንቁላል ቀረ።

ያን ሰሞን ከድንጋጤው በኋላ ይታዩ ብለን ጋሽ አድማሱን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙ አዳመጠና «ልባቸው በጣም ደህና ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ «አንተ ግን ፊትህ አላማረኝም፣ ና እስኪ እጅህን» አለኝ። ክንዴን በደም ግፊት መለኪያው ጠቀለለ፣ ነፋ፣ አስተነፈሰ፣ ደግሞ ነፋ። ለእኔ ምንም አላለኝም። ሂሩትን ወደ ጥግ ጠራት።

ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ብቻ ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቴ ሰላም ነው። ስገባ ወሬው ደግ ይሆናል፤ ልጆቹ ሁሉ ፈተና ያልፋሉ፤ ስልክ ሲደወል ሂሩት ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም በረንዳው ላይ ከአማቴ አጠገብ ተቀምጬ ያቺን ሰላም አገር አጣጥማለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ስንበላ ጋሽ አድማሱ የተቀቀለ እንቁላል ሲልጡ አየሁ። እጄ ላይ ያለው ዳቦ ቆመ። ወደ ግቢው ተመለከትኩ፤ ትራክተሩ አለ። ለካ ከማክሰኞ ጀምሮ አልወጣም።

«ትራክተሩ ምን ሆኖ ነው?» አልኩ።

ሂሩት ወደ አባቷ ተመለከተች። አባቷ እንቁላሉን ጨው ነሰነሱበት።

«ምንም አይደል» አሉኝ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። «ሰርቪስ ነው።»